የቀድሞ መድፈኞች

ከቦንጋ መናኸሪያ ጀርባ፣ ከእትዬ በዛወርቅ ሻይ ቤት ጎን፣ ጭቃው በበጋም የማይደርቅ አንድ ቁራጭ መሬት አለ። እዚያ በቆርቆሮ ከለላ ሥር ተቀምጦ ጎማ የሚጠግነው ሰው ጣሰው ይባላል። ከተማው ስለ እሱ የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛ ግራ ጆሮው አይሰማም፤ ሁለተኛ አርሰናል ነው። ሦስተኛ ነገር ለማወቅ የደከመ የለም። ሰፊው ሕዝብ ስለ ጎረቤቱ ሁለት ነገር ካወቀ ጥናቱን አጠናቅቆ ወደ ሌላ አጀንዳ ያልፋል።

አርሰናል ነው ማለት ኳስ ይወዳል ማለት ብቻ አይደለም። በዚያ ዘመን የቦንጋ ሰው ወይ አርሰናል ነው ወይ ማንቼ ነው። ከጎጃም ተመድቦ የመጣው መምህርም፣ የግብርና ቢሮው ባለሙያም፣ ከማንኪራ ማር ጭኖ የሚመጣው የገበሬ ልጅም ከሁለቱ አንዱን ይዟል። የብሔር ብሔረሰቦች ጥያቄ በሕገ መንግሥት ተመልሷል ከተባለ ወዲህ በከተማው ሳይመለስ የቀረው የማንነት ጥያቄ ይኸው ነበር፤ የሚፈታውም በየሳምንቱ ቅዳሜ በሰላሐዲን ዲኤስቲቪ ቤት፣ በጩኸት ነበር።

የጣሰው ግራ ጆሮ ግን የት እንደቀረ ማንም አያውቅም። «ጎማ ፈንድቶበት ነው» ይላሉ። ጎሚስታ ስለሆነ የሚያምር ማብራሪያ ነው። እሱም «አዎ፣ ጎማ ነው» ይላል። ጎማ አልነበረም። ሰሜን ግንባር፣ ከመቶ ሠላሳ ሚሊ ሜትር መድፍ ቀኝ በኩል ቆሞ ጥይት ሲያጎርስ የኖረ ሰው ነው። መድፉ በግራ ጆሮው ትይዩ እየጮኸ፣ እየጮኸ፣ አንድ ቀን ጆሮው መልስ መስጠት አቆመ።

እሱ እዚያ ሲያጎርስ እናቱን ከወሎ በሠፈራ ጭነው ወደ ከፋ አመጧት። አብዮቱ ልጇን ወደ ሰሜን፣ እሷን ወደ ደቡብ ላከና፣ ይህን በጋዜጣ «የተፈጥሮ ሚዛን መጠበቅ» አለው። በሰማንያ ሦስት መንግሥት ወደቀ። ጣሰውን ተሃድሶ ካምፕ አስገብተው ያለፈው ሥርዓት መጥፎ እንደነበር ካስተማሩት በኋላ «ወደ ቀዬህ ሂድ» አሉት። ቀዬው የት እንደሆነ ግን ያስተማሩት ሰዎችም አያውቁም ነበር። እናቱን ፍለጋ ወደ ከፋ መጣ። ከሠፈራ ጣቢያው የቀሩት ጥቂት ሰዎች ጫካ ዳር አንድ የቡና ዛፍ አሳዩት፤ ከሥሩ ነው የተቀበረችው አሉት። የሚመለስበት ስላልነበረው ቦንጋ ቀረ።

መንግሥት ሲለወጥ መጀመሪያ የሚለወጠው ቅጽል ነው። ያን ጊዜ የመጣው ቅጽል «የቀድሞ» የሚል ነበር። የቀድሞ ሥርዓት፣ የቀድሞ ሠራዊት፣ የቀድሞ አባል። በስብሰባ ላይ ተናጋሪው «የቀድሞ» ካለ ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ምንም ይሁን ምን፣ ጣሰው አንገቱን ወደ ትከሻው ይቀብራል። ስለዚህ ጎማ ነው አለ። ስለ መድፍ ለአንድም ሰው ሳይናገር ዓመታት አለፉ፤ ሚስት አላገባም፤ እድር ውስጥ አለ፤ የሌሎችን አስከሬን ይሸከማል።

አርሰናል የሆነው በሬዲዮ ነው። አንድ ከሰዓት ከጎማ ውስጥ ያወጣውን ከመነዳሪ ነፍቶ፣ ውኃ ውስጥ ነክሮ፣ አረፋው ከየት እንደሚወጣ እያየ ነበር። ቀኝ ጆሮው በእትዬ በዛወርቅ ሬዲዮ በኩል ነበረች። የስፖርት ጋዜጠኛው ስለ እንግሊዝ ኳስ ያወራል። በመሐል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰው ስለ ጻድቅ ሲናገር እንደሚያደርገው፣ «የቀድሞው የመድፈኞቹ አምበል» አለ።

ጣሰው እጁን ውኃው ውስጥ ረሳው።

«እትዬ በዛወርቅ፣ ምንድን ነው ያለው?»

«የቱን?»

«የቀድሞ መድፈኛ አላለም?»

«የኳስ ቡድኑን ነው ባክህ። አርሰናልን መድፈኞቹ ነው የሚሏቸው፤ ማሊያቸው ላይ መድፍ አለች። ልጆቹ ሁሉ የሚለብሷትን አላየህም?»

ሄዶ አየ። ማሊያዋ ላይ በእርግጥ መድፍ አለች። ጎማዋ ለአፈሙዟ በጣም ትልቅ ነው አለ በልቡ። ቢሆንም መድፍ ነች። በዓለም ላይ የቀድሞ መድፈኛ ተብሎ በክብር የሚጠራበት አገር መኖሩን ያወቀው በዚያ ቀን ነው። እግዜር ይስጣቸው እንግሊዞች፤ ያልገዙትንም አገር ሰው ያጽናናሉ።

ከዚያ በኋላ ከሰላሐዲን ቤት አልጠፋም። ቤቱ ለእሱ የተሠራ ይመስላል። ሌላ ቦታ ሰው ለእሱ መጮህ ይሰለቸዋል፤ ሁለቴ ተናግሮ ሦስተኛው ላይ «ተወው፣ ምንም አይደለም» ይላል። በሰላሐዲን ቤት ግን ሁሉም ሁሉም ላይ ስለሚጮህ፣ ጣሰው ከሰው እኩል ነው። የሚወደው ግን ሌሎቹ የሚወዱትን አልነበረም። ልጆቹ ስለ ዛሬው ጎል ሲጣሉ እሱ ስለ ጡረተኞቹ ይጠይቃል።

«ቶኒ አዳምስ አሁን የት ነው ያለው?»

«ጋሽ ጣሰው፣ እሱ እኮ ድሮ አቁሟል።»

«ማቆሙንማ አውቃለሁ። የት ነው ያለው ነው ያልኩት።»

«ቤቱ ነዋ!»

«ሰው ይጠይቀዋል?»

ይስቃሉ። ሌላም የሚስቁበት አላቸው። ተጫዋቹ ለመምታት እግሩን ወደ ኋላ ሲስብ ጣሰው አፉን ይከፍታል። ሌላው ሰው ጎል ከገባ በኋላ ነው አፉን የሚከፍተው፤ እሱ አስቀድሞ። ልጆቹ «ጋሽ ጣሰው ኳሷን ሊውጣት ነው» ይላሉ። መድፍ ሊተኮስ ሲል አፉን ያልከፈተ መድፈኛ የጆሮው ታምቡር እንደሚቀደድ የሚያውቅ በቤቱ ውስጥ አልነበረም። አፉን የሚከፍተው ልማዱ ነው፤ ጆሮው እንኳ ከጠፋ በኋላ አፉ ዘቡን አልለቀቀም።

በዘጠና ስምንት ግንቦት አርሰናል የአውሮፓን ዋንጫ በመጨረሻው ጨዋታ አጣ። የቦንጋ ወጣት አለቀሰ። ከአንድ ዓመት በፊት በምርጫው ሰሞን ስለ ራሱ አገር ያልጨረሰውን ልቅሶ አብሮ አለቀሰው መሰለኝ ያሉ አሉ። ቀጥሎ የዓለም ዋንጫ መጣና ሄደ። ሐምሌ ሲገባ ኳስ የለም፣ ዝናብ ብቻ ነው። የሰላሐዲን አግዳሚዎች ባዶ ሆኑ። ሰላሐዲን ጅማ ወርዶ ሲመለስ ሲዲ ይዞ መጣ፤ የድሮ አርሰናሎች ጎሎች የተሰበሰቡበት ነው።

«ጋሽ ጣሰው፣ ያንተ ጡረተኞች መጡልህ» አለው። «እሑድ ከሰዓት አሳያለሁ። ማስታወቂያ ጻፍልኝ፣ ጎማ ላይ የምትጽፍበት ቀለም አይለቅም።»

ጣሰው ሳንቃ ፈለገ። በጥይት ሣጥን ላይ ይጽፍ እንደነበረው፣ ቀጥ ባሉ ወፋፍራም ፊደሎች ጻፈ፦

እሑድ ስምንት ሰዓት። የቀድሞ መድፈኞች። በሰላሐዲን ቤት።

አርሰናል ብሎ መጻፍ ይችል ነበር። አልጻፈም። ለምን እንዳልጻፈ ራሱን አልጠየቀም፤ የሚፈልገውን ግን ያውቅ ነበር። በእነዚህ ጫካዎች ውስጥ፣ በየቡናው ሥር፣ ከእሱ ሌላ አንድ ሰው አይጠፋም። አንድ ሰው ሳንቃዋን አንብቦ እሱ እንደሚያነባት ቢያነባት። ከዚያ ሰው ጋር አንድ ከሰዓት ቢቀመጥ። ምንም ባያወሩም ግድ የለውም።

ሳንቃዋ ዓርብ ጠዋት በቆርቆሮው ላይ ተንጠለጠለች። ዓርብ ረፋድ ላይ ከዋጫ ቡና የሚያመላልሰው የአይሱዙ ሾፌር፣ ጥሩሰው የሚባለው፣ ጎማ አስጠገነና እየጠበቀ አነበባት። «ምን ይሰበስባችኋል እናንተ?» ብሎ ስቆ ሄደ። ዓርብ ከሰዓት ደግሞ ኢዮሲያስ መጣ።

ኢዮሲያስ የቀበሌው ፀጥታ ነው። ወጣት ነው፣ ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሥልጠና ወስዷል እንጂ። ሥልጠና የወሰደ ሰው ዛፍ ሲያይ ከጀርባው ማን እንዳለ ይጠይቃል፤ ጥላውን እንደ ጓደኛ አይቆጥረውም። ሳንቃዋ ፊት ቆሞ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሁለቴ አነበባት።

«ጋሼ፣ ይቺ ምንድን ናት?»

ጣሰው ቀኝ ጆሮውን አዞረለት። «እ?»

«ይቺ ሳንቃ።»

«ኳስ ናት።»

«ኳስ የሚል አላየሁም። የቀድሞ ይላል። መድፈኞች ይላል። ቀን አለው፣ ሰዓት አለው፣ ቦታ አለው። ጥሪ ማለት ይኼ ነው እንግዲህ።»

ሰላሐዲን እትዬ በዛወርቅ ቤት ሻይ እየጠጣ ነበርና ብርጭቆውን ይዞ ወጣ። «ኢዮሲያስ፣ አንተ ራስህ ማንቼ አይደለህም እንዴ? መድፈኞቹ እነማን እንደሆኑ ጠፍቶህ ነው?»

«እኔማ አውቃለሁ። የማያውቅ ሰው ቢያነበውስ?»

«የማያውቅ ሰው ካላወቀ ምን ይሆናል?»

«ይደናገራላ! ሕዝብ እንዳይደናገር ነው እኛ የተቀመጥነው።» ወደ ጣሰው ዞረ፤ ድምፁን ከፍ አደረገ። «መቼም ጋሼ፣ በዚህ ቀበሌ የቀድሞ መድፈኛ የሚባል ሰው የለም። ወይስ አለ?»

ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ጀምሮ ነበር። ቀበሌው የመናኸሪያውን ዙሪያ ለተደራጁ ማኅበራት ሊያከፋፍል መሆኑን፣ የጣሰው ቁራጭ መሬትም በኢዮሲያስ ቃል ላይ እንደተንጠለጠለች፣ ሦስቱም ያውቃሉ።

«የለም» አለ ጣሰው።

«ጥሩ። እንግዲያው የእንግሊዝ የሚል ይጨመርበት። የቀድሞ የእንግሊዝ መድፈኞች። ግልጽ ይሆናል። እሑድ እኔም እመጣለሁ።»

ጣሰው ቀለሙን አንሥቶ፣ ከሁለቱ ቃላት በላይ፣ ቦታ ስለጠበበው በቀጫጭን ፊደል፣ «የእንግሊዝ» ብሎ ጨመረ። በዚህ ዓይነት የቦንጋ ፀጥታ ተጠበቀ።

እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ ዝናቡ ሰውን ከቤቱ አላስወጣውም። በግንቦት ለመድፈኞቹ ሕይወቱን ሊሰጥ የማለው ወጣት መንገዱን በጃንጥላ እንኳ ሊያቋርጥ አልፈቀደም። ውጤቱ የታወቀ ጨዋታ ማን ያያል? የሚከራከሩበት ነገር የለውማ። የመጡት ከዝናብ የሸሹ ጥቂት ልጆች፣ አንድ ከጫማው ጭቃ የሚፍቅ መምህር፣ እና ከፊት አግዳሚ ላይ እግሩን ዘርግቶ ኢዮሲያስ ናቸው። ጣሰው በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ሳንቃዋን ከቆርቆሮው አውርዶ በሩ ላይ አስደግፏታል። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ ጥፍሩ ሥር ያለው የጎማ ጥቁረት ግን በሳሙና የሚለቅ አይደለም።

ሰላሐዲን ሲዲውን ሊያስገባ ሲል አንድ ሰው በሩ ላይ ቆመ። ሽማግሌ ለመባል ጥቂት የቀረው ነው። ላስቲክ ከላይ ደርቧል፤ ከላስቲኩ ሥር ግን በሥርዓት የተቆለፈ አሮጌ ካፖርት አለ። ጣሰውን ከማየቱ በፊት ራሱን ወደ ቀኝ አዞረ፤ ግራ ጆሮውን ማቅረቡ ነው።

«የቀድሞ መድፈኞች የሚሰበሰቡት እዚህ ነው?»

ጮክ ብሎ ነው የተናገረው፣ የማይሰማ ሰው እንደሚናገረው። ኢዮሲያስ ከፊት አግዳሚ ዞረ።

የጣሰው ዓይን መጀመሪያ ወደ ካፖርቱ ቁልፎች፣ ከዚያ ወደ ኢዮሲያስ ሄደ።

«የእንግሊዞቹ ናቸው» አለ።

«የማን?»

«የእንግሊዞቹ። ኳስ ተጫዋቾች። ሳንቃው ላይ ተጽፏል።»

ሰውዬው ሳንቃውን አላየም። «ሾፌሩ የነገረኝ እንዲህ አይደለም» አለ። ከዚያ፣ ዝግ ብሎ፣ «አንተስ?» አለው።

«እኔ ጎማ ጠጋኝ ነኝ።»

«እህ» አለ ሰውዬው። ኢዮሲያስ «ጋሼ፣ ያውቁታል እንዴ ሰውዬውን?» ብሎ ጠየቀ። «አላውቀውም» አለ ጣሰው። ውሸት አልነበረም፤ ይህ ነው የከፋው። ሰላሐዲን «ግቡ አባቴ፣ ዝናብ ነው፣ ግቡ ተቀመጡ» አለና ሰውዬው ገብቶ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ጣሰው በሩን ዘግቶ፣ ሌላ መቀመጫ እንደሌለ ሁሉ፣ ከዚያው አግዳሚ ሌላኛው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

ጡረተኞቹ መጡ። የቲቪው ቀለም ወደ አረንጓዴ ያደላ ነበርና ፊታቸው ሁሉ የወባ ሕመምተኛ ፊት ይመስል ነበር። ቪዬራ፣ ኢያን ራይት፣ አዳምስ እጁን አንሥቶ። ቤርካምፕ መጣ፤ አውሮፕላን የሚፈራው። ኳሷን በተከላካዩ በአንደኛው ጎን ልኮ እሱ በሌላኛው ጎን ዞሮ አገኛት። ተከላካዩ የቱን ጎን እንደሚጠብቅ ጠፍቶት ቆሞ ቀረ። ቤርካምፕ ሊመታ እግሩን አዘጋጀ።

ጣሰው አፉን ከፈተ። ልማዱ ነው። ዓይኑን ግን ወደ ጎን መለሰ።

ከአግዳሚው ሌላኛው ጫፍ ሰውዬው አፉን ከፍቶ ነበር።

ኳሷ ገባች። ልጆቹ ያለ ስሜት «ጎል» አሉ። ሁለቱ ሰዎች አፋቸውን ገጠሙ። ሰውዬው ቀስ ብሎ ወደ ጣሰው ዞረና አየው። ብዙ አየው። በአንድ መድፍ ግራና ቀኝ ቢቆሙ፣ የአንዱ ግራ ጆሮና የሌላው ቀኝ ጆሮ ነው የሚሞተው፤ የቀሩት ሁለቱ ጆሮዎች አንድ ሙሉ ሰው ይሆናሉ። ሰውዬው ፈገግ ለማለት ጢሙን አነቃነቀ። ከፊት ኢዮሲያስ ተንጠራራና አንገቱን አዞረ።

ጣሰው ፊቱን ወደ ቲቪው መለሰ።

ከዚያ በኋላ ስንት ጎል እንደገባ አያውቅም። አፉን ግን ጥርሱን ነክሶ ዘጋው፤ ሲመቱም፣ ሲስቱም። ሰውዬው ትንሽ ቆየ። የዋጫው አይሱዙ መናኸሪያው ላይ ጥሩንባ ሲነፋ ላስቲኩን ደረበ፣ ተነሣ፣ በጣሰው ፊት ሲያልፍ በወታደር ሥርዓት ተረከዙን ገጠመ። በጭቃ ጫማ የተገጠመ ተረከዝ ድምፅ የለውም። ወጣ።

ኢዮሲያስ ሳቀ። «ምስኪን። ከዋጫ ድረስ ለእንግሊዝ ጡረተኞች!» አለ። መምህሩም ሳቀ። ጣሰው ለመሳቅ ሞከረ። ቤርካምፕ እንደገና ተከላካዩን ዞረው፤ ሰላሐዲን ወደድኩት ብሎ ጎሉን ደግሞታል። በዚያን ጊዜ ጣሰው ተነሥቶ ሮጠ። በሩን ከፍቶ ተወው፤ ዝናቡ ቤቱ ውስጥ ገባ።

መንገዱ ላይ በስተግራ በኩል ቦዩ ሞልቶ ይፈስሳል። በቀኝ በኩል ሮጠ። ሰውዬው አይሱዙው ጋቢና ውስጥ፣ ከቀኙ መስኮት ጎን ተቀምጧል። መኪናው መንቀሳቀስ ጀምሯል።

«መድፈኛ!» ብሎ ጠራ ጣሰው።

በዚህ ቃል ሰው ሲጠራ ከካምፑ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። እትዬ በዛወርቅ ሰማች፤ የመናኸሪያው ተሸካሚዎች ሰሙ። ኢዮሲያስም በሰላሐዲን በር ላይ ቆሞ ሳይሰማ አልቀረም። ሰውዬው ግን ወደ ፊት እያየ ነው። ጣሰው ከመስኮቱ ትይዩ እየሮጠ እንደገና ጠራ፣ እንደገና ጠራ። ወደ መስኮቱ የዞረችው የሰውዬው ቀኝ ጆሮ፣ የማትሰማው፣ ነበረች። መድፈኛ መድፈኛን በየትኛው ጎን እንደሚጠራ አንድ ጊዜ ያውቅ ነበር፤ ለጥይት አቀባዩ የሚጮኸው ዞሮ፣ በደኅናው ጎን፣ ነበር። ዓመታት ሁሉ ሰው ለእሱ ጎን ሲመርጥለት ኖሮ፣ እሱ ለሌላ ሰው መምረጥ ጠፍቶት ነበር።

ሾፌሩ ጥሩሰው ግን አየው። እጁን እያወዛወዘ ስለሚሮጠው ጎሚስታ ያሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው። በሰውዬው ላይ አቋርጦ ጎንበስ አለና፣ «ጎማው ደኅና ነው፣ ጋሽ ጣሰው! ሰኞ እመጣለሁ!» ብሎ ጮኸለት። አይሱዙው ጭቃውን ረጭቶት ዳገቱን ወጣ።

ሰኞ ሾፌሩ መጣ። ጣሰው ጎማውን ሳይነካ ስለ ሰውዬው ጠየቀው።

«ዋጫ ሳንደርስ፣ ጫካው ጋ ወረደ። የእግር መንገዱን ይዞ ገባ። ስሙን አልጠየቅኩትም። ምነው፣ አስቀየመህ እንዴ?»

«ምንም አላለም?»

«ምን ይላል። "ያ ጎሚስታ ምን ይለኝ ነበር?" አለኝ። ስለ ጎማው ነው አልኩት። "ጎማ ነው እንዴ" አለ።»

ከዚያ ወዲህ ጣሰው ከዋጫ የሚመጣውን አይሱዙ ሁሉ ጠየቀ። ላስቲክ የደረበ፣ ቀኝ ጆሮው የማይሰማ ሰው። ሾፌሮቹ «ጋሽ ጣሰው፣ የማይሰማ ሰው እኮ አንተ ነህ» እያሉ ይስቃሉ። ኢዮሲያስ ስለ ሰማው ነገር ሪፖርት አዘጋጅቶ እንደነበር ይወራል፤ ሳያቀርበው መስከረም ላይ ግምገማ መጣና እሱ ራሱ ጠባብ ነህም፣ ኪራይ ሰብሳቢ ነህም ተብሎ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ። አሁን በቀበሌው የቀድሞ ፀጥታ ነው የሚሉት። ቅጽሉ ማንንም አይምርም።

የኳሱ ዘመን ሲከፈት ሰላሐዲን ሳንቃውን ለማገዶ ሊያደርገው ሲል ጣሰው ወሰደው። በጎማ መፋቂያው «የእንግሊዝ» የሚለውን ፍቆ አጠፋው፤ ቀጭን ስለነበረ ቶሎ ለቀቀ። ሰዓቱንም፣ የሰላሐዲንንም ቤት ፋቀው። «የቀድሞ መድፈኞች» የሚለውን ብቻ ትቶ ከቆርቆሮው በላይ፣ ከዋጫ የሚመጣ ሰው በሩቅ እንዲያየው አድርጎ ቸነከረው።

«ጋሽ ጣሰው፣ ዘንድሮ ዋንጫውን እንበላለን?» ይሉታል የሚያልፉት ልጆች ሳንቃውን እያዩ። እሱ «እንበላለን» ይላቸዋል። ቁጭ ሲል መቀመጫውን ቀይሯል፤ ቀኝ ጆሮው ከእትዬ በዛወርቅ ሬዲዮ ዞራ በመንገዱ በኩል ነች። መኪና ሲቆም ተነሥቶ ከፊት ይዞርና በሁለቱም መስኮት በኩል ይቆማል፣ መጀመሪያ በግራ፣ ቀጥሎ በቀኝ። ሾፌሮቹ ጎማ የሚያይ ይመስላቸዋል።